የኮኮናት ወተቱ ሳይቆራረጥ፦ የኬራላን የማሾ ጣፋጭ ቤት ውስጥ ለመሥራት

ይህን ጣፋጭ ሞክረው የተበላሸባቸው ሰዎች የሚነግሩኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «እስከ መጨረሻው ጥሩ ነበር፤ የኮኮናት ወተቱን ጨምሬ ትንሽ ሲንተከተክ ግን ቅባቱ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ፣ ሥሩ ውሃ ሆነ።» የላም ወተት ለለመድን ሰዎች ወተት ሳይፈላ በሰለ ማለት ይከብደናል። ወፍራሙ የኮኮናት ወተት ግን ከፈላ ይበላሻል። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዋናነት ለዚያች ደቂቃ ነው፤ የቀረው ሁሉ ለእሷ ዝግጅት ነው።

የምንሠራው በደቡብ ህንድ፣ በኬራላ ግዛት፣ ፓሪፑ ፕራዳማን የሚባለውን ነው። ፓሪፑ ክክ ማለት ነው። ፕራዳማን ደግሞ በኮኮናት ወተትና በጃገሪ (ባልተጣራ የአገዳ ስኳር) የሚሠራ የፓያሳም፣ ማለትም እንደ አጥሚት የሚፈስ ጣፋጭ፣ ዓይነት ነው። ለኦናም በዓል በሙዝ ቅጠል ላይ ከሚቀርበው ማዕድ አይጠፋም። እኔ የተማርኩት ሻርጃ ስኖር ከኬራላ ከመጣች ጎረቤቴ ነው። እዚህ የምሰጣችሁ ልክ ጣፋጩን ቀነስ፣ መረቁን ቀጠን ያደረግሁት ነው፤ ከምግብ በኋላ በስኒ ተጠጥቶ ሆድ የማይከብድ።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ከአንድ ኮኮናት ወተት የሚጨመቀው ሦስት ጊዜ ነው። ኬራላዎች ኦናም ፓል፣ ራንዳም ፓል፣ ሙናም ፓል ይሏቸዋል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ወተት ማለታቸው ነው። ከአንድ ጀበና ሦስት ጊዜ ለምንቀዳ ሰዎች ይህ አዲስ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የመጀመሪያውን ወፍራም ወተት አቦል፣ ሁለተኛውን ቶና፣ ቀጭኑን ሦስተኛ በረካ እላቸዋለሁ።

ድስት ውስጥ የሚገቡት ግን በተገላቢጦሽ ነው። በረካው ማሾውን ይቀቅላል፣ ቶናው ከጃገሪው ጋር ይንተከተካል፣ አቦሉ እሳቱ ካበቃለት በኋላ ይገባል። ሦስቱን አንድ ላይ የደባለቀ ሰው ከመጀመሩ በፊት ተሳስቷል።

የሚያስፈልጋችሁ (ለ6 ሰው)

- የማሾ ክክ፣ ቅርፊቱ የወጣለትና ቢጫ የሆነው፦ 150 ግራም
- በደንብ የደረሰ ደረቅ ኮኮናት፦ 1 ትልቅ
- ጃገሪ፦ 180 ግራም
- ሄል፦ 6 ፍሬ
- የደረቅ ዝንጅብል ዱቄት፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- ከሙን፦ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ታምሶ የተፈጨ
- የኮኮናት ዘይት፣ ወይም ቅመም ያልገባበት ንጥር ቅቤ፦ 2 የሾርባ ማንኪያ
- ካሹ፦ 10 ፍሬ ያህል
- ጨው፦ አንድ ቁንጥር

ከዕቃ ሥሩ ወፍራም የሆነ ድስት፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ወንፊት፣ ንጹሕ ስስ ነጭ ጨርቅና ጁስ መፍጫ አዘጋጁ። ሥሩ ስስ የሆነ ድስት አትጠቀሙ። ክኩ ከሥር ሲይዝ የማረሩ ሽታ ወደ ወተቱ ይገባል፤ ያን ደግሞ ምንም ቅመም አይሸፍነውም።

ስለ ዕቃዎቹ የሚያሳስቱ ጥቂት ነገሮች አሉ።

*ጃገሪ* የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ሳይጣራ ተንተክትኮ የሚረጋ ቡናማ ስኳር ነው፤ በድንጋይ ወይም በሳህን ቅርጽ ይሸጣል። ዱባይ፣ ሻርጃ፣ ኩዌት ወይም ሪያድ ያላችሁ በማንኛውም የህንዶች ሱቅ ታገኙታላችሁ፤ ጉር ወይም ሻርካራ በሉ። ጠቆር ያለውን ምረጡ። ካጣችሁ 150 ግራም ቡናማ ስኳር ይበቃል። ማር አታድርጉ፤ የማር ሽታ ኮኮናቱን ይውጠዋል።

*ሄል* ስል አረንጓዴውን ትንሹን ነው። ኮረሪማ ዘመዱ ቢሆንም ጣዕሙ ሌላ ነው፤ እዚህ ከገባ ጣፋጩ ወጥ ወጥ ይሸታል። ሄል ከሌላችሁ ያለ ሄል ሥሩት፤ ዝንጅብሉ ብቻውን ይበቃል።

*ቅቤ* ከተጠቀማችሁ ኮሰረትና በሶብላ የገባበት የወጥ ቅቤ አይሁን። ለጾም የምትሠሩ ከሆነ የኮኮናት ዘይቱ ከበቂ በላይ ነው፤ እኔ ከጾም ውጭም የምመርጠው እሱን ነው።

ኮኮናት ካላገኛችሁ

የቆርቆሮ ወተት ይሆናል። ባለ 400 ሚሊ ሊትሩን ግዙ፤ «ላይት» የሚል የተጻፈበትን ተዉት፣ አስቀድሞ በውሃ የቀጠነ ነው። ጣፋጭ የሆነውን የኮኮናት ክሬም ደግሞ ፈጽሞ አትግዙ፤ እሱ ለመጠጥ መቀላቀያ የተሠራ ስኳር የበዛበት ነገር ነው። ቆርቆሮውን ሳትነቀንቁ ሌሊቱን ፍሪጅ አሳድሩ። ላዩ ላይ የረጋውን ወፍራም ክፍል በማንኪያ አንሡ፤ 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ አቦል ነው። የቀረውን በ250 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አቅጥኑት፣ ይህ ቶና ነው። በበረካ ፈንታ ተራ ውሃ ተጠቀሙ።

የኮኮናት ወተት ዱቄት ለጾም የምትገዙ ሰዎች፣ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። ብዙዎቹ ዱቄቶች ቅባታቸው እንዳይለይ ሶዲየም ኬዚኔት ይጨመርባቸዋል፤ እሱ ከእንስሳት ወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። የፊቱ ሥዕል ኮኮናት ብቻ ስለሆነ ጾም ነው ማለት አይደለም።

ደረጃ 1፦ ኮኮናቱን መምረጥና መስበር

ሱቅ ውስጥ አንሡትና ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት። ውስጡ ውሃ መንቦጫቦጭ አለበት። ዝም ካለ ደርቋል ወይም ተሰንጥቋል። ሦስቱን ዓይኖች ተመልከቱ፤ ሻጋታ ወይም እርጥበት ካለ መልሱ።

ቤት ስትደርሱ ኮኮናቱን በእጃችሁ ይዛችሁ ወገቡን እየዞራችሁ በቢላ ጀርባ ወይም በመዶሻ ምቱ፤ ሳህን ከሥሩ አድርጉ። ይሰነጠቃል። ውሃውን ቅመሱ፦ ጣፈጥ ካለ ደህና ነው፣ ከቆመጠጠ ወይም ሳሙና ሳሙና ካለ ኮኮናቱን ጣሉት። አንድ የተበላሸ ኮኮናት ሙሉውን ድስት ያጠፋል፤ ዋጋው አያሳሳችሁ።

ነጩን ክፍል በቢላ እየፈለቀቃችሁ አውጡ። ከቅርፊቱ አልላቀቅ ካለ ግማሹን ለ5 ደቂቃ እሳት አጠገብ አቆዩት፣ ይለቃል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሚሆነውን በስሱ ከትፋችሁ ለመጥበሻ ለይታችሁ አስቀምጡ። የቀረውን ፈቅፍቁት።

ደረጃ 2፦ ሦስቱን ወተት መጭመቅ

1. የተፈቀፈቀውን ኮኮናት ከ150 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ጋር ጁስ መፍጫ ውስጥ ጨምሩ። ውሃው ጣት የሚያስገባ ሙቀት ይሁን። ቀዝቃዛ ውሃ ቅባቱን አያወጣም፤ የፈላ ውሃ ደግሞ መፍጫውንም ወተቱንም ይጎዳል።
2. ለግማሽ ደቂቃ ያህል እየቆራረጣችሁ ፍጩ። እስኪልም አትጠብቁ።
3. ጨርቁን ወንፊት ላይ ዘርግታችሁ ገልብጡት። አራቱን ጫፍ ሰብስባችሁ ጠምዝዙ። 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወጣል። ይህ አቦል ነው። ክዳን ባለው ዕቃ ለብቻው አስቀምጡት፤ ከእሳት አጠገብ አይሁን።
4. ገለባውን መልሳችሁ በ400 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ፍጩና ጭመቁ። ቶና።
5. ለሦስተኛ ጊዜ በ500 ሚሊ ሊትር ድገሙት። በረካ። ውሃ የመሰለ ቢሆንም አትናቁት፤ ማሾው በእሱ ሲበስልና በውሃ ሲበስል ጣዕሙ አንድ አይደለም።

አቦሉን በጣታችሁ መሐል አሹት። ቅባቱ ጣት ላይ መቅረት አለበት። ውሃ ውሃ ካለ ያልደረሰ ኮኮናት ገዝታችኋል ማለት ነው። ያን ጊዜ አቦሉን ፍሪጅ ውስጥ ለ2 ሰዓት ያህል አስቀምጡትና ላዩ ላይ የሚሰበሰበውን ብቻ አቦል አድርጉት፤ የሥሩን ወደ ቶናው ጨምሩ።

ደረጃ 3፦ ጃገሪውን ማቅለጥና ማጥለል

ጃገሪውን በሙቀጫ ሰባብሩ። 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምራችሁ በትንሽ እሳት አቅልጡ፤ መፍላት አያስፈልገውም፣ ይቅለጥ ብቻ። ከዚያ በጨርቅ አጥልሉት።

ማጥለሉን የሚዘሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንድ ጊዜ ካጠለላችሁ በኋላ ጨርቁን ዘርግታችሁ ተመልከቱ፦ የአገዳ ስንጥር፣ ጥቁር ነጥብ፣ በጣት ስትዳስሱት የሚሻክር አሸዋ። በቡናማ ስኳር የምትሠሩ ይህን ማለፍ ትችላላችሁ።

ደረጃ 4፦ ማሾውን ቆልቶ መቀቀል

1. ክኩን ልቀሙ። ድስቱን አሙቁ፣ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ አድርጋችሁ ክኩን በትንሽ እሳት ቁሉ። እጃችሁ አይረፍ። ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ይፈጃል።
2. የምትፈልጉት መልክ ይህ ነው፦ ቢጫው እዚህም እዚያም ወርቅማ ነጥብ ሲያወጣ፣ የቆሎ ሽታ ሲሸት። ቡናማ ከሆነ ዘግይታችኋል፤ ይመራል። የመረረ ክክ በጃገሪ አይታረምም፣ በሌላ ክክ ጀምሩ።
3. ከእሳት አውርዳችሁ በውሃ ቶሎ አለቅልቁት።
4. በረካውን ጨምሩና አፍሉ። አረፋውን በጭልፋ ግፈፉ። እሳቱን ቀንሱ፣ ክዳኑን ግማሽ ከፈት አድርጉ።
5. ሙክክ እስኪል ቀቅሉ።

ቆላ ባለ አገር ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። አዲስ አበባ ግን ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ 45 ደቂቃም ሊፈጅ ይችላል። ውሃው ካነሰ የፈላ ውሃ እየጨመራችሁ ቀጥሉ፤ ቀዝቃዛ አትጨምሩ። ፕሬሸር ኩከር ያላችሁ በእሱ ብትቀቅሉት ይሻላል፤ አረፋውን ግፍፋችሁ ክደኑት።

መብሰሉን በዓይን አትፍረዱ። አንድ ፍሬ አውጥታችሁ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጫኑት። መሐሉ ላይ ትንሽ እንኳ የጥሬ ድርቀት ከቀረ አልበሰለም። ይህን የማጠብቀው ምክንያት አለኝ፦ ጃገሪው ከገባ በኋላ ክክ አይለሰልስም። ስኳር የክክን መብሰል ያቆማል። ጃገሪ ከገባ በኋላ አንድ ሰዓት ብታንተከትኩት እንኳ ያ ጥሬው መሐል እንዳለ ይቀራል።

ሲበስል በጭልፋ ጀርባ ግማሹን ብቻ ደፍጥጡት፤ ግማሹ ፍሬ ሆኖ ይቅር። በጁስ መፍጫ አትፍጩት፣ ሽሮ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ጃገሪውን ማግባት

የተጠለለውን ጃገሪ ጨምሩ። መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰላችሁ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ አቆዩት። መጀመሪያ ይቀጥናል፤ አትደንግጡ። ቀስ እያለ ይወፍርና ማማሰያው ሲያልፍ የድስቱ ሥር ለአፍታ ይታያል። በቃ።

አሁን ከድስቱ ራቅ በሉ። ስኳር ያለበት ክክ ሲንተከተክ ይፈናጠራል፣ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ያቃጥላል። ልጆች ከአጠገቡ ይነሡ።

ከሥር ከያዘ አትፋቁት። ላይ ላዩን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡና ቀጥሉ።

ደረጃ 6፦ ቶናው

ቶናውን ጨምሩ፣ ቁንጥር ጨው አክሉ። ቀስ ብሎ እየተንተከተከ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ። ቶና ቅባቱ ትንሽ ስለሆነ መንተክተክ አይጎዳውም። እዚህ ላይ ውፍረቱን ወስኑ፦ ከአጥሚት ትንሽ ወፈር ያለ ይሁን። አቦሉ ሲገባ መልሶ ይቀጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይወፍራል።

ጣፋጩንም አሁን ቅመሱ። አሁን ትንሽ በዝቶ ከተሰማችሁ ልክ ነው፤ አቦሉ ያለዝበዋል። ያነሰ ከመሰላችሁ ጃገሪ መጨመሪያው ሰዓት ይህ ነው፣ በኋላ አይሆንም። ኬራላ ውስጥ ጃገሪውን የክኩን እጥፍ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ በመጨመራችሁ አትሳቀቁ።

ደረጃ 7፦ አቦሉ

እዚህ ላይ ስልክ አታንሡ።

የኮኮናት ወተት ውሃና ቅባት አንድ ላይ የያዘ ነገር ነው። ሁለቱን አያይዞ የሚያቆያቸው ውስጡ ያለው ጥቂት ፕሮቲን ነው። ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ፕሮቲኑ መርጋት ይጀምራል፣ ቅባቱን ይለቃል። ደጋ ላይ መፍላት በዝቅተኛ ሙቀት ነው ብላችሁም አትተማመኑ፤ የአዲስ አበባው 92 ዲግሪም ከልኩ ያለፈ ነው።

1. ድስቱን ከምድጃው አውርዱ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከጠፋ በኋላም ለብዙ ደቂቃ ይግላል፤ ከሰልም እንደዚያው።
2. መንተክተኩ ሙሉ በሙሉ እስኪያቆም ጠብቁ፤ 3 ደቂቃ ያህል።
3. አቦሉን አማስሉት፤ ቆይቶ ከሆነ ላዩና ሥሩ ተለያይቷል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለይታችሁ ፍሪጅ አስቀምጡ። ለምን እንደሆነ ከታች ታዩታላችሁ።
4. ከድስቱ አንድ ጭልፋ ትኩስ ቀድታችሁ አቦሉ ውስጥ እያማሰላችሁ ጨምሩ። ቀዝቃዛው ከትኩሱ ጋር በድንገት እንዳይገናኝ ነው።
5. ይህን አሁን በቀጭኑ ወደ ድስቱ አውርዱት፤ በሌላው እጃችሁ በአንድ አቅጣጫ አማስሉ።
6. ድስቱን በጣም ትንሽ እሳት ላይ መልሱ፤ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ብቻ። እንፋሎቱ ሲነሣና ዳር ዳሩ ሲንቀጠቀጥ አውርዱ። አንድ አረፋ ከፈነዳ ዘግይታችኋል።

እኔ ይህን ደረጃ ሁለት ጊዜ አበላሽቻለሁ። በሦስተኛው ጎረቤቴ አጠገቤ ቆማ ሳለ እኔ «ገና ነው» ስል እሷ ድስቱን አንሥታ ወለል ላይ አስቀመጠችው። ገና የሚመስላችሁ ሰዓት ትክክለኛው ሰዓት ነው። ቆርቆሮ ወተት ብዙ ጊዜ ማያያዣ ስላለበት ትንሽ ይታገሣል፤ በእጅ የተጨመቀው ግን አይታገሥም።

ከተቆራረጠ

ላዩ ላይ የዘይት ዓይን ካያችሁ ወይም ወተቱ ፍርፍር ያለ መስሎ ከታያችሁ፦

- ወዲያው ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡ፣ ለ2 ደቂቃ አማስሉ። ገና የጀመረ ከሆነ በዚህ ብቻ ይመለሳል።
- ካልተመለሰ ፍሪጅ ያስቀመጣችሁትን ሁለት ማንኪያ አቦል በጎድጓዳ ሳህን አድርጉ። ከድስቱ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ በኃይል ምቱት። ግማሽ ጭልፋ ያህል ሲያያዝ ወደ ድስቱ መልሱ።
- ፈጽሞ ከተለያየ፣ ለብ እስኪል አቀዝቅዙና ሩቡን ብቻ በጁስ መፍጫ ለአፍታ ምቱት፣ ከቀሪው ጋር ቀላቅሉ። ትኩሱን መፍጫ ውስጥ አትክደኑ፤ ክዳኑን ያፈናጥራል።

ምንም ባይመለስ እንኳ አትድፉት። መልኩ እንጂ ጣዕሙ አልተበላሸም።

ደረጃ 8፦ ቅመምና መጥበሻ

ሄሉን ፈልፍላችሁ ፍሬውን በሙቀጫ ውቀጡ። ከወረደው ድስት ላይ ሄሉን፣ ዝንጅብሉንና ከሙኑን በትኑ፣ አንድ ጊዜ አማስሉ። ከሙን በጣፋጭ ውስጥ ግር ቢላችሁም አትተዉት፤ ክኩ ሆድ እንዳይነፋ ያደርጋል ብለው የሚያስገቡት ነው፣ ጃገሪውንም ያበርደዋል።

በቀረው ዘይት የተከተፈውን ኮኮናት ጥበሱ። ጠርዙ ቡናማ ሲሆን ካሹውን ጨምሩ። ካሹ ከኮኮናት ፈጥኖ ያራል፤ ቀድሞ አይግባ። ወርቅማ ሲሆን ከነዘይቱ ድስቱ ላይ አፍስሱ። ዘይቱ በዝቶ ከታያችሁ ፍሬዎቹን ብቻ በጭልፋ አንሡ።

ደረጃ 9፦ ማቅረብ፣ ማቆየት፣ ማሞቅ

ክዳኑን ግማሽ ከፈት አድርጋችሁ 20 ደቂቃ አሳርፉት። ሙሉ ከከደናችሁት እንፋሎቱ ተመልሶ ይንጠባጠብና ላዩን ውሃ ያደርገዋል። ለብ እንዳለ በቡና ስኒ ወይም በትንሽ ሳህን አቅርቡ። ኬራላዎች ላዩ ላይ ፓፓዳም ይፈረፍሩበታል፤ የክኩ ቂጣ ጨውና የጃገሪው ጣፋጭ ሲገናኙ ነገሩ ሌላ ይሆናል። ካገኛችሁ ሞክሩት።

የኮኮናት ወተት ቶሎ ይኮመጥጣል። ሙቀት ባለበት አገር ከ2 ሰዓት በላይ ከፍሪጅ ውጭ አታቆዩት። ፍሪጅ ውስጥ 2 ቀን ይቆያል። ፍሪዘር አትክተቱት፤ ሲቀልጥ ይቆራረጣል።

በማግስቱ ወፍሮ እንደ ገንፎ ታገኙታላችሁ። በቀጥታ እሳት ላይ አታስቀምጡት። ትልቅ ድስት ውስጥ ውሃ አፍሉ፣ እሳቱን አጥፉ፣ ጣፋጩ ያለበትን ዕቃ ውሃው ውስጥ አስቀምጡና እያማሰላችሁ አሙቁ። ጥቂት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ስትጨምሩበት ወደ ትናንቱ ውፍረት ይመለሳል። ለእንግዳ ቀድማችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ እስከ ደረጃ 6 ሠርታችሁ አሳድሩት፤ አቦሉን ለብቻው ፍሪጅ አቆዩና እንግዳው ሲቀመጥ አግቡት።